ከጉድጓዱ እስከ ጤናው፦ የጤና ሥነ ልቡና መግቢያ ለመሐንዲሶች

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




ስለ ውሃ ጉድጓድ፣ ስለ ፓምፕ ወይም ስለ መንገድ እንድናገር ተጠይቄ ቢሆን ኖሮ ከመካከላችሁ የሚደነቅ ሰው ባልኖረ ነበር። የዛሬው ንግግሬ ርእስ ግን የጤና ሥነ ልቡና ነው። «መሐንዲስንና ሥነ ልቡናን ምን አገናኛቸው?» የሚል ጥያቄ በብዙዎቻችሁ ልብ እንደሚመላለስ እገምታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱንም ከሩቅ አገር ሳይሆን ከነገሌ ቦረና ልጀምር እወዳለሁ።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ የሠፈረው ጦር ዐመፀ። ለዐመፁ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ መበላሸቱ ነበር። ከመኮንኖቹ ጉድጓድ ለመቅዳት ቢጠይቁ ተከለከሉ። ምግባቸውም የከፋ ነበር። ነገሩን እንዲመረምሩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዘው፣ እነርሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፣ የሚጠጡትንም እንዲጠጡ አደረጓቸው። የነገሌው ዐመፅ በሌሎች የጦር ሠፈሮች ተከታይ አገኘ፤ ከስምንት ወር በኋላም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

እኔ የታሪክ ሊቅ አይደለሁም፤ አብዮቱ ብዙና ጥልቅ ምክንያቶች እንደነበሩት አውቃለሁ። ከዚህ ላይ ላነሣ የምፈልገው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ያንን ፓምፕ ለመጠገን ከእኛ አንዱ ተልኮ ቢሆን ኖሮ፣ ሪፖርቱ ምናልባት «መለዋወጫ ዕቃ ተለውጧል፤ ፓምፑ ሥራ ጀምሯል» ከሚል ዐረፍተ ነገር አያልፍም ነበር። ወታደሮቹን ያስቈጣቸው ግን የጉሮሮ መድረቅ ብቻ አልነበረም። በአጠገባቸው ሌላ ጉድጓድ መኖሩ፣ እነርሱም ከዚያ እንዳይቀዱ መደረጋቸው ነበር። ጥሙ የአካል ነው፤ ንቀቱ የልብ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ ሲገናኙ የሚፈጠረውን ነገር በሊትርና በሜትር ብቻ ልንለካው አንችልም። የጤና ሥነ ልቡና የሚባለው የዕውቀት ዘርፍ የሚመረምረው ይህንኑ የአካልንና የልብን መገናኛ ነው።

ጤና የአካል ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ

እኛ መሐንዲሶች መኪናን የምናይበት ዐይን ለሰው አካልም ቢያገለግል ሥራው በቀለለን ነበር። ልብ ፓምፕ ነው፤ የደም ሥር ቧንቧ ነው፤ ኩላሊት ማጣሪያ ነው። የተበላሸውን ክፍል ፈልጎ ማግኘትና መጠገን ይበቃል ማለት ነው። ዘመናዊው ሕክምናም ለረጅም ጊዜ በዚህ አስተሳሰብ ተመርቶ እጅግ ከፍ ያለ ውጤት አግኝቶበታል። ይሁን እንጂ ይህ አስተሳሰብ የማይመልሳቸው ጥያቄዎች አሉ። አንድ ዓይነት በሽታ ከያዛቸው ሁለት ሰዎች አንዱ በጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ሌላው ለምን ይዘገያል? በነፃ የሚሰጥ መድኃኒትስ ስለ ምን በመካከሉ ይቋረጣል? ንጹሕ ውሃ በደጁ ሳለ ከኩሬ የሚቀዳው ሰውስ ምን አስቦ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራ ላይ በዋለው መተዳደሪያው፣ ጤና ማለት የበሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ደኅንነት መሆኑን ደንግጓል። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ ጆርጅ ኤንግል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ሕክምና በሽተኛውን በሦስት ገጽታዎቹ፣ ማለትም በአካላዊ፣ በሥነ ልቡናዊና በማኅበራዊ ገጽታው አጣምሮ ማየት እንዳለበት ተከራከረ። በዓመቱ የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር የጤና ሥነ ልቡናን ራሱን የቻለ ክፍል አድርጎ አቋቋመ።

ነገሩን በሕፃን ተቅማጥ ምሳሌ ልግለጸው። ረቂቁ ተሕዋስ አካላዊው ገጽታ ነው። እናቲቱ ስለ ተቅማጡ የምታስበው፣ የምትፈራውና የምትተማመንበት ነገር ሥነ ልቡናዊው ገጽታ ነው። ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ማን እንደሚፈቅድላት፣ ከብቱን ማን እንደሚጠብቅላት፣ ጎረቤቶቿም ምን እንደሚሉ ማኅበራዊው ገጽታ ነው። ሐኪሙ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ቢያክም ሁለቱ ሳይነኩ ይቀራሉ።

ሰው በሽታውን የሚረዳበት መንገድ

የመጀመሪያው ጽንሰ ሐሳብ፣ ሰው የሚመላለሰው በበሽታው ሳይሆን ስለ በሽታው በያዘው ሐሳብ መሆኑ ነው። ሃዋርድ ሌቨንታል የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅና ባልደረቦቹ እንዳስረዱት፣ የታመመ ሰው ሁሉ ሐኪም ሳይጠይቅ ለራሱ የሚመልሳቸው አምስት ጥያቄዎች አሉ። የበሽታው ስም ማን ነው? ከምን መጣ? ስንት ጊዜ ይቆያል? ምን ያስከትላል? በምንስ ይድናል?

ከእኛ አገር ኑሮ ብዙ ማስረጃ ማቅረብ ይቻላል። በከንፈሩ ላይ ቊስል የወጣበት ሰው «ምች መታኝ» ካለ፣ ስሙም ምክንያቱም መድኃኒቱም ባንድ ጊዜ ተገኘ ማለት ነው፤ ዳማከሴ ይፈለጋል እንጂ ጤና ጣቢያ አይታሰብም። ይህ ብዙ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። ነገር ግን ሕፃን ልጅ ሲያስቀምጠው «ጥርስ እያበቀለ ነው» ይባላል። ይህ አነጋገር በብዙ የአገራችን ክፍሎች የተለመደ ነው። እስቲ ልብ በሉ! ተቅማጡ ከጥርስ ከመጣ ከውሃው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ጥርስ ማብቀል ደግሞ የዕድገት ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም፤ ጊዜውን ጠብቆ ያልፋል። ስለዚህ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጦ መስጠትም፣ ውሃን ማከምም፣ እጅን በሳሙና መታጠብም ትርጉም ያጣሉ። እናቲቱ ሰነፍ አይደለችም፤ ልጇንም አልናቀችም። ከያዘችው ሐሳብ ተነሥታ ትክክለኛውን ነገር እያደረገች ነው። የእኛ ጉድጓድ ከሐሳቧ ጋር አልተገናኘም እንጂ።

የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ ነው። ሕክምናው በአብዛኛው ለስድስት ወራት ያለ ማቋረጥ የሚወሰድ ነው። በሽተኛው ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሳሉ ሲቀንስለትና ምግብ ሲበላለት «ድኛለሁ» ይላል። ለሐኪሙ በሽታው ባክቴሪያው ነው፤ ለበሽተኛው በሽታው ሳሉ ነው። ሳሉ ከሄደ መድኃኒቱን ስለ ምን ይውሰድ? በተለይም ከመንጋው ጋር መጓዝ ላለበት አርብቶ አደር ጥያቄው የበለጠ ይከብዳል።

እምነትና ድርጊት

ሁለተኛው ጽንሰ ሐሳብ የጤና እምነት ሞዴል ይባላል። አመጣጡ ለእኛ ለመሐንዲሶች ትልቅ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት የሳንባ ነቀርሳን አስቀድሞ ለማወቅ የራጅ መሣሪያ በመኪና ጭኖ በየሠፈሩ አዞረ። ምርመራው በነፃ ነበር፤ ቦታውም ቅርብ ነበር። ብዙ ሰው ግን አልመጣም። ጎድፍሪ ሆክባም የተባለ ተመራማሪ በሦስት ከተሞች ከ1,200 በላይ ሰዎችን ጠየቀ። «በሽታው እኔንም ሊይዘኝ ይችላል» ብለው ከሚያምኑትና አስቀድሞ መመርመር ጥቅም እንዳለው ከተቀበሉት መካከል 82 በመቶው በፈቃዳቸው ራጅ ተነሥተው ነበር። ሁለቱንም ካላመኑት መካከል ግን የተነሡት 21 በመቶ ብቻ ነበሩ። መሣሪያው አንድ ነው፤ ዋጋውም አንድ ነው። ልዩነቱ በሰዎቹ ሐሳብ ውስጥ ነበር።

ከዚህ ጥናትና ከተከታዮቹ የተገኘው ሞዴል እንደሚለው፣ ሰው ለጤናው አንድ ነገር ከማድረጉ በፊት የሚመዝናቸው ነገሮች አሉ። እነርሱም ለበሽታው ያለው ተጋላጭነት፣ የበሽታው ክብደት፣ የድርጊቱ ጥቅምና በድርጊቱ ላይ ያሉት ዕንቅፋቶች ናቸው። ለድርጊት የሚያነሣሣ ቀስቃሽም ያስፈልጋል። ኋላም አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ያስተዋወቀው «ይህን ነገር ለማድረግ እችላለሁ» የሚለው በራስ ችሎታ የመተማመን ጽንሰ ሐሳብ ተጨመረ።

ይህን ሚዛን ይዘን ወደ ክሎሪን እንሂድ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን በሐረና ቡሉቅ ወረዳ የታየው ኮሌራ ወደ ጉጂና ወደ ሌሎች ዞኖች ተዛምቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ውሃን በክሎሪን ማከም ሕይወት ያድናል። ነገር ግን ሰው ውሃን የሚመዝነው በዐይኑ፣ በአፍንጫውና በምላሱ ነው። ተሕዋስ አይታይም፤ የክሎሪን ሽታ ግን ወዲያው ይታወቃል። ጥቅሙ ስውር፣ ጕዳቱ ግልጽ ሆነ ማለት ነው። «ክሎሪን ጨምሩ» ብሎ ደጋግሞ ከመናገር ይልቅ፣ መጠኑን በትክክል መለካት፣ ከጨመሩ በኋላ ግማሽ ሰዓት ማቆየት እንደሚገባ ማሳየትና የሽታውን ትርጉም መለወጥ ይሻላል። ሽታው «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» የሚል ምልክት ሆኖ ከታየ ዕንቅፋቱ ራሱ ቀስቃሽ ይሆናል።

በቆላው ከተሞች ስንሠራ ደጋግመን የምናየው ሌላም ነገር አለ። ከክብረ መንግሥት ተነሥተን በወደራ ደን አልፈን ወደ ነገሌ ስንወርድ ምድሩም ውሃውም ይለወጣል። ከነገሌ ወዲያ በብዙ ድካምና ወጪ የተቈፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ትንሽ ጨው ጨው የሚል ውሃ ሊሰጥ ይችላል። የላቦራቶሪው ውጤት «ለመጠጥ ተስማሚ» ይላል። በርክክቡ ቀን ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፤ ሕዝቡም ያመሰግናል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ያ ውሃ ለልብስና ለከብት ይውላል፤ ለመጠጥና ለሻይ የሚቀዳው ከኩሬ ነው። ሴቶቹን ስትጠይቁ «ሻይ አያምርበትም፤ ጥምም አይቈርጥም» ይሏችኋል። ይህ መልስ በእኛ መዝገብ ላይ የሚጻፍበት ዐምድ የለውም። ስለዚህ በሪፖርታችን መሠረት እነዚያ ሰዎች ንጹሕ ውሃ እየጠጡ ነው።

ማስፈራራትና መንገድ ማሳየት

ሦስተኛው ነጥብ ስለ ማስተማር ነው። ብዙዎቻችን ሰው ካልፈራ አይታዘዝም ብለን እናስባለን። ይህ አስተያየት እ.ኤ.አ. በ1965 በየል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ተፈትኗል። ሌቨንታልና ሁለት ባልደረቦቹ ስለ መንጋጋ ቈልፍ በሽታ ለአንዳንዶቹ ተማሪዎች አስፈሪ፣ ለሌሎቹ ለዘብ ያለ ጽሑፍ ሰጡ። አስፈሪውን ያነበቡት ክትባቱን ለመውሰድ የበለጠ እንደሚያስቡ ተናገሩ። በተግባር ግን ልዩነት ያመጣው ሌላ ነገር ነበር። ለከፊሎቹ ተማሪዎች ክሊኒኩ ያለበትን ቦታ የሚያሳይ ካርታ ተሰጥቷቸው፣ በየትኛው ሰዓት ሊሄዱ እንደሚችሉ ፕሮግራማቸውን እንዲያዩ ተደርጎ ነበር። ከእነርሱ 28 በመቶ ያህሉ ሄደው ተከተቡ። ካርታ ካልተሰጣቸው የተከተቡት 3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ተማሪዎቹ ግቢያቸውን የማያውቁ ሆነው አይደለም። ካርታው «እከተባለሁ» የሚለውን ምኞት ወደ ቀንና ሰዓት ስለ ለወጠው ነው።

ፍርሃት ራሱ ዕንቅፋት የሚሆንበትም ጊዜ አለ። የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ በአገራችን የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ የተመዘገበው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቁ ቆላ በዲሞ መንደር ነው። በዓለም ላይ በተፈጥሮ በተዛመተ ፈንጣጣ የመጨረሻው የተያዘ ሰው ደግሞ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በጎረቤት ሶማሊያ በመርካ ከተማ የተገኘው ዓሊ ማኦው ማሊን ነበር። ይህ ሰው ከሕክምና ርቆ የሚኖር ዘላን አልነበረም። የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር። ክትባቱ በእጁ ነበር፤ ነገር ግን መርፌው ያማል ብሎ ስለ ፈራ ሳይከተብ ቀረ። ከሕመሙ ድኖ በኋለኛ ዘመኑ ለፖሊዮ ክትባት ዘመቻ አገልግሏል፤ ወላጆችንም የራሱን ታሪክ እየነገረ ያግባባ ነበር። ክትባትና ሰው በአንድ ግቢ ውስጥ ሆነው እንኳ ላይገናኙ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ጭንቀትና አቅም

አራተኛው ጽንሰ ሐሳብ ጭንቀት ነው። በአገራችን አነጋገር «ብስጭት ነው የጣለው» ማለት የተለመደ ነው። ሳይንሱም ከዚህ አነጋገር ብዙ አልራቀም። ሰው ሲጨነቅ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖች በደሙ ውስጥ ይበዛሉ። ለአጭር ጊዜ ከሆነ ለመሮጥም ሆነ ለመታገል ይጠቅማሉ። ለወራትና ለዓመታት ከቀጠለ ግን የደም ግፊትን ያባብሳል፤ በሽታ የመከላከል አቅምንም ያዛባል። እ.ኤ.አ. በ1991 ሼልደን ኮኸንና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ 394 ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች በአፍንጫቸው የጉንፋን ቫይረስ ተጨምሮላቸው ነበር። ጭንቀታቸው በበዛ መጠን በጉንፋን የተያዙት ቍጥር ከፍ አለ።

ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ጭንቀት የሚመጣው ከችግሩ መጠን ብቻ አይደለም። ሰው ሁለት ጥያቄዎችን ይጠይቃል። «ይህ ነገር ለእኔ ምን ማለት ነው?» እና «ምን ላደርግ እችላለሁ?»። ለመጀመሪያው መልሱ «አደጋ ነው»፣ ለሁለተኛው «ምንም» ሲሆን ጭንቀቱ ይበረታል። የነገሌው ወታደር ለመጀመሪያው ጥያቄ የነበረው መልስ «ተንቄአለሁ» የሚል ነበር ለማለት ይቻላል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ በቦረናና በአካባቢው ቆላ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ለቦረና ሰው ከብት ገንዘብ ብቻ አይደለም። ልጅ የሚዳርበት፣ ዘመድ የሚረዳበት፣ በጉባኤ ፊት ራሱን ቀና የሚያደርግበት ነው። ከብቱ ሲያልቅ የሚሞተው እንስሳ ብቻ አይደለም፤ ሰውየው ማን እንደሆነ የሚያውቅበት ነገር አብሮ ይጎዳል። በዚያ ጊዜ ውሃ በቦቴ ሲታደል የነበረውን አስቡት። ቦቴው ማክሰኞ ይምጣ ሐሙስ ካልታወቀ፣ ሴቶች ጀሪካን ደርድረው ሙሉ ቀን ይጠብቃሉ። ያው የውሃ መጠን ቀኑና ሰዓቱ ታውቆ፣ ተራው በግልጽ ተነግሮ ቢታደል በሊትር አንድም ጠብታ አይጨምርም። ነገር ግን የሚያስጨንቀውን ነገር ግማሹን ያነሣል፤ ምክንያቱም ሰው ቀኑን ለማቀድ ይችላልና።

ልማድና የሥፍራ አሠራር

አምስተኛውና የመጨረሻው ነጥብ ለሙያችን ከሁሉ ይቀርባል። ሰው በየቀኑ የሚያደርገውን አብዛኛውን ነገር መዝኖ አያደርገውም፤ በልማድ ያደርገዋል። ልማድን ደግሞ ሥፍራው ይመራዋል። በባንግላዴሽ ገጠር በሁለት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ ከመጸዳጃ ቤት ወጥተው እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ የነበሩት ልጆች 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ከመጸዳጃ ቤቱ እስከ መታጠቢያው የሚወስድ መንገድ አሠርተው በቀለም አሳመሩት፤ በመንገዱና በመታጠቢያው ሥር የእግር ኮቴ፣ በመታጠቢያውም ላይ የእጅ መዳፍ ሣሉ። ስለ ንጽሕና ምንም ትምህርት አልሰጡም። ሥራው ባለቀ ማግስት የታጠቡት 68 በመቶ ሆኑ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላም 74 በመቶ ነበሩ። ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው ግንበኛና ቀለም ነው።

ይሁንና መሣሪያ ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳይም ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤታቸው በታወቀ ሁለት ሰፊ ጥናቶች በባንግላዴሽና በኬንያ ገጠሮች ክሎሪን፣ መጸዳጃና የእጅ መታጠቢያ ለቤተሰቦች ታድሎ ነበር። በባንግላዴሽ የሕፃናት ተቅማጥ ቀነሰ፤ በኬንያ አልቀነሰም። ለልዩነቱ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ በባንግላዴሽ አስተማሪዎቹ ቤተሰቦቹን በወር ውስጥ ብዙ ጊዜ ሲጎበኙ፣ በኬንያ ግን ጉብኝቱ በወር አንድ ጊዜ ያህል ነበር። በኬንያ በሁለተኛው ዓመት ውሃና ሳሙና ያለው መታጠቢያ የተገኘባቸው ቤቶች እጅግ ቀነሱ። ልማድ የሚጸናው በሰው ለሰው ግንኙነት ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህን ቀድሞ የተገነዘበ ይመስለኛል። በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ሲያስተምሩ፣ ቀድመው የተለወጡትን «ሞዴል ቤተሰብ» ብለው ለጎረቤት ምሳሌ ያደርጓቸዋል። ሰው የሐኪምን ምክር ይሰማል፤ የሚከተለው ግን እንደ እርሱ ያለውን ጎረቤቱን ነው። ባንዱራም በራስ ችሎታ መተማመን ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ እንደ ራስ ያለ ሰው ሲሳካለት ማየት መሆኑን ጽፏል።

ከቦረና ጉድጓዶች የምንማረው

ሥራንና ማኅበራዊ ኑሮን ያጣመረ አሠራር ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። ቱላ የሚባሉት የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች በእጅ የተቈፈሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹም እስከ 30 ሜትር ይጠልቃሉ። ሰዎች ከታች እስከ ላይ በመሰላል ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ የውሃውን መቅጃ ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። ዜማው መዝናኛ ብቻ አይደለም፤ የእጆቹን ፍጥነት የሚያስማማ ነው። የማጠጫውን ተራ የሚቈጣጠር «አባ ሄሬጋ» የሚባል ኀላፊ አለ። ከጉድጓዱ የሚጠቀሙ ሁሉ ለጥገናው ጕልበት ያዋጣሉ። ይህ ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበው ከገዳ ሥርዐት ጋር የተሳሰረ ነው።

ሞተር የሌለው፣ መለዋወጫም የማያስፈልገው ይህ ጉድጓድ ለትውልዶች ሲያገለግል፣ ሞተርና ጄኔሬተር ያለው የእኛ ጉድጓድ ስለ ምን በጥቂት ዓመታት ይቆማል? ቱላው ከእኛ ጉድጓድ የተሻለ ማሽን ስለ ሆነ አይደለም። ድካሙ ከባድ ነው፤ ውሃውም ለብክለት የተጋለጠ ነው። ነገር ግን ተራው የታወቀ፣ ፍርዱ የታመነ፣ ሥራውም የራስ ነው። ከላይ ያየናቸው የመተማመን፣ የቍጥጥርና የፍትሕ ጽንሰ ሐሳቦች በሙሉ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ አሉ።

ከእኛ የሚጠበቀው

አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። የጤና ሥነ ልቡና ድኻውን ለመውቀሻ መዋል የለበትም። ውሃ በሌለበት ስለ እጅ መታጠብ መስበክ ስድብ ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ማለትም ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.፣ ለገጠር የታለመው በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። አንድ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። ውሃ ለመቅዳት የደርሶ መልስ ጕዞው ከግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ቤተሰቡ የሚጠቀምበት መጠን እየቀነሰ እንደሚሄድ በሙያችን የታወቀ ነው። መጀመሪያ የሚቀረው ደግሞ ለመታጠቢያ የሚሆነው ነው። ስለዚህ ዕንቅፋቱን ማንሣት የእኛ፣ የመሐንዲሶቹ ግዴታ ነው። ሥነ ልቡና የሚነግረን ዕንቅፋቱ ከተነሣ በኋላ ቀሪ ሥራ እንዳለ ነው።

በዚህ መሠረት ለማኅበራችን አባላት የሚከተሉትን አሳቦች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጉድጓድ ከመቈፈሩ ወይም ቦኖ ከመተከሉ በፊት ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ስለ ጣዕሙ፣ ስለ ቦታውና ስለ ሰዓቱ ይጠየቁ፤ መልሳቸውም ከአፈሩ ጥናት ጋር በዲዛይኑ ሰነድ ውስጥ ይግባ።

ሁለተኛ፣ መታጠቢያ ከመጸዳጃ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ለልጅ በሚመች ከፍታ ይሠራ። አሥር እርምጃ መራቅ ለእኛ በፕላን ላይ ትንሽ መሥመር ነው፤ ለልማድ ግን ትልቅ ገደል ነው።

ሦስተኛ፣ የውሃ ሰዓትና ተራ በግልጽ ይነገር፤ ሲበላሽም ማን እንደሚጠግነውና መቼ እንደሚጠገን ሕዝቡ ይወቅ። ውሃ የተቋረጠበት ሰው ከጥሙ ይልቅ ዝምታው ያስመርረዋል።

አራተኛ፣ ከርክክብ በኋላ በዓመቱ ተመልሰን እንጠይቅ። ጥያቄያችንም «ፓምፑ ይሠራል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ማን ይጠጣዋል? ለምን ይጠጣዋል? የማይጠጣውስ ለምን?» የሚል ይሁን።

አምስተኛ፣ ከጤና ባለሙያው ጋር ሥራ ከተጠናቀቀ በኋላ ሳይሆን ገና ሲታቀድ እንገናኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቤቱ ያለውን ሐሳብ ታውቃለች፤ እኛ ደግሞ ያንን ሐሳብ ወደ ሲሚንቶና ወደ ብረት የምንለውጥበት ሙያ አለን።

ክቡራትና ክቡራን፣ በመዝገቦቻችን ላይ «የውሃ ተጠቃሚ የሆነ ሕዝብ ብዛት» የሚል ዐምድ አለ። ቍጥሩን የምንሞላው ጉድጓዱ በተመረቀ ዕለት ነው። ውሃው ግን ያን ዕለት ገና ከቧንቧው መውጣቱ ነው። ከቧንቧው እስከ ጀሪካኑ፣ ከጀሪካኑ እስከ እንስራው፣ ከእንስራው እስከ ሕፃኑ ከንፈር ያለው መንገድ በሰው ሐሳብ፣ በሰው ፍርሃት፣ በሰው ልማድና በሰው ክብር መካከል ያልፋል። የዚያ መንገድ ቅየሳም ከሥራችን ክፍሎች አንዱ ሆኖ እንዲቈጠር እጠይቃለሁ።